በፈቃዱ የተበላ ሰው ተበድሏልን?

ስለ ላስ ቬጋስ ከተማ፣ ስለ ዕጣና ስለ ላብ

ሰው ያለ ፈቃዱ ንብረቱ ሲወሰድበት ተሰረቀ ወይም ተዘረፈ እንላለን። በፈቃዱ ሲሰጥ ደግሞ ለገሰ፣ አበደረ ወይም ገዛ እንላለን። በእነዚህ መካከል ግን ስም ለማውጣት የሚያስቸግር ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም አንድ ሰው ማንም ሳያስገድደው ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ለቁማር ካስያዘ በኋላ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚደርስበት ነገር ነው። ቁማርተኞች ራሳቸው ያወጡለት ስም ግን ግልጽ ነው። የተሸነፈው «ተበላሁ» ይላል፤ ያሸነፈውም «በላሁ» ይላል።

እንግዲህ በፈቃዱ የተበላ ሰው ተበድሏልን? ተበድሏል ካልን በዳዩ ማን ነው? አልተበደለም ካልን ደግሞ የቤቱ እህል ሲጎድል፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲቀር፣ የሚስቱ ጥሪት ሲሟጠጥ፣ ያ ጉዳት የማን ዕዳ ነው? ጥያቄው ጥንታዊ ቢሆንም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከደጃችን ደርሷል። ቀድሞ ቁማር የሚጫወት ሰው እስከ ቁማር ቤት መሄድና በሰው ዓይን መታየት ነበረበት። ዛሬ ግን የስልክ አውታር በሚሠራበት ስፍራ ሁሉ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በመካነ ሰላም፣ አንድ ወጣት ከመኝታው ሳይነሣ በአውሮፓ የእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ገንዘብ ሊያስይዝ ይችላል።

ነገሩን በጥሞና ለመመርመር ቁማር ሕግ ወጥቶለት፣ ግብር ተጥሎበት፣ ታላቅ ከተማ ያቆመበትን ስፍራ አስቀድሞ መመልከት ይጠቅማል። ያም ስፍራ በሰሜን አሜሪካ በኔቫዳ ምድረ በዳ የሚገኘው ላስ ቬጋስ ነው። የዚህ ከተማ ነገር ለእኛ ባዕድ ወሬ አይደለም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ኑሯቸውን በዚያ መሥርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የክላርክ አውራጃ አስተዳደር ከከተማይቱ ዳርቻ አንዱን ሠፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሞታል። ስለዚህ የምንናገረው ወገኖቻችን በላባቸው ስለሚያድሩባት ከተማ ነውና፣ በጥላቻም በአድናቆትም ሳንቸኩል ልንመለከታት ይገባል።

ምንጭ የነበረበት ምድረ በዳ

«ላስ ቬጋስ» የስፓንኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ለምለም መስኮች» ማለት ነው። በደረቁ ምድር መካከል ከመሬት የሚፈልቅ ምንጭና በዙሪያው የበቀለ ሣር ነበረ። የፓዩት ሕዝብ ለብዙ ዘመናት ይጠቀምበት ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ወደ ካሊፎርኒያ የሚያቀኑ ሲራራ ነጋዴዎች ከብቶቻቸውን ያጠጡበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1855 የሞርሞን እምነት ተከታዮች በስፍራው ምሽግ ሠርተው እርሻ ሞከሩ፤ ነገር ግን በ1857 ትተውት ሄዱ። ኋላም የባቡር ሐዲድ በዚያ ሲያልፍ ኩባንያው በ1905 በግንቦት ወር መሬቱን ሸንሽኖ በጨረታ ሸጠው፤ ከተማይቱም ተቆረቆረች። በ1910 የነዋሪዎቿ ቁጥር ከ800 ገደማ አይበልጥም ነበር።

በዚያን ጊዜ የከተማይቱ እንጀራ ባቡሩና ውኃው እንጂ ቁማር አልነበረም። እንዲያውም የኔቫዳ ክፍለ ግዛት በ1909 ባወጣችው ሕግ ቁማርን ከልክላ ነበር። በ1931 ግን ዓለምን ባናወጠው የኢኮኖሚ ድቀት መካከል፣ ማዕድኗም ነጥፎ ሳለ፣ ይህን ሕግ ሽራ ቁማርን በሰፊው ፈቀደች። በዚያው ዓመት ከከተማይቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የሁቨር ግድብ ሥራ ተጀመረ፤ በ1934 ከ5,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ይሠሩበት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብን የሚጠይቅ ነገር አለ። የአሜሪካ ፌዴራላዊ መንግሥት ለግድቡ ሠራተኞች ቦልደር ሲቲ የምትባል አዲስ ከተማ ሲሠራ ቁማርንና መጠጥን በውስጧ ከልክሎ ነበር። ግድቡ በጊዜው እንዲያልቅ የሚፈልግ ሁሉ ሠራተኛው ሌሊቱን በቁማር አሳልፎ በማለዳ ከገደል አፋፍ ላይ እንዲቆም አይፈልግም። ሠራተኞቹ ግን ደመወዝ በተቀበሉ ቁጥር ወደ ላስ ቬጋስ ይሄዱ ነበር። ቦልደር ሲቲ እስከ ዛሬ ድረስ ቁማር ከማይፈቀድባቸው ጥቂት የኔቫዳ ከተሞች አንዷ ናት። በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለት ከተሞች በሁለት ሐሳብ ተመሠረቱ፤ አንደኛይቱ ሠራተኛው ደመወዙን እንዳይበላ፣ ሁለተኛይቱ እንዲበላ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በ1941 በአውራ ጎዳናው ዳር የመጀመሪያው የቁማር ሆቴል ተከፈተ። በ1946 መጨረሻ ፍላሚንጎ የተባለው ሆቴል ሥራ ሲጀምር ያሠራው በወንጀለኛነቱ የታወቀው በንጃሚን ሲገል ነበር፤ በቀጣዩ ዓመትም በጥይት ተገደለ። ለብዙ ዓመታት የወንበዴ ማኅበራት በስውር ባለቤትነት ከገቢው እየቀነሱ ይወስዱ ነበር። በ1955 መንግሥት ተቆጣጣሪ ቦርድ አቋቋመ፤ በ1969 የወጣው ሕግ ደግሞ ታላላቅ የአክሲዮን ኩባንያዎች ካዚኖ እንዲይዙ መንገዱን ከፈተ። በ1989 ሚራዥ የተባለው ግዙፍ ሆቴል ከተከፈተ ወዲህ ከተማይቱ የትርኢት፣ የስብሰባና የመዝናኛ ማዕከል ሆነች። በ2019 ከ42 ሚሊዮን የሚበልጡ ጎብኚዎች መጡባት፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራም አውራጃው ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎች ነበሩት።

ከዚህ ክብር በስተጀርባ ያለውንም ማስታወስ ተገቢ ነው። እስከ 1960 ድረስ ጥቁር ሙዚቀኞች በትልልቆቹ ሆቴሎች መድረክ ላይ ይዘፍኑ ነበር እንጂ በእነዚያው ሆቴሎች እንዲያድሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። መለያየቱ የቀረው በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ጥቁሮች ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ ከተነሡ በኋላ በተደረሰው ስምምነት ነው። ዛሬ ወገኖቻችን በእነዚያ ሆቴሎች ደጅ በነጻነት የሚገቡት በሌሎች ሰዎች ትግል መሆኑን ልብ ይሏል።

ከተማይቱን ያቆማት ዕድል አይደለም

ብዙ ሰው ላስ ቬጋስን የዕድል ከተማ ይላታል። ታሪኳ ግን ሌላ ይመሰክራል። ከተማይቱን ያቆሟት ምንጭ፣ ባቡር፣ ሕግ፣ ግድብ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የብዙ ሺህ ሰዎች ጉልበት ናቸው። ከመሥራቾቿና ከባለቤቶቿ መካከል ሀብቱን በዕድል ላይ የጣለ ቢኖር አልጸናም፤ የጸኑት ሒሳብ ያሰሉት ናቸው።

በውኃ ጉዳይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ለከተማይቱ ስም የሰጡት ምንጮች ከመጠን በላይ ስለ ተቀዱ በ1962 ደረቁ። ዛሬ ከውኃዋ 90 በመቶ ያህሉ ከግድቡ በስተኋላ ከተኛው ከሚድ ሐይቅ ይመጣል። በቤት ውስጥ አገልግሎት የሰጠው ውኃ ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ በ2021 የወጣ ሕግም ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር እንዲነቀል አዝዟል። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ገንዘቡን እንዲበትን የምትጋብዝ ከተማ በውኃዋ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ ለዕድል አትተውም። ለሕይወት የሚያስፈልገውን ነገር ለቁማር እንደማያስይዙት ከተማይቱ ራሷ ታውቃለች ማለት ነው።

የካዚኖው ገቢም እንዲሁ በሒሳብ የቆመ ነው። ሩሌት የሚባለውን ጨዋታ እንመልከት። በአሜሪካ የተለመደው የሩሌት ጎማ 38 ክፍሎች አሉት፤ ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች፣ አንድ ዜሮና አንድ ድርብ ዜሮ። በአንድ ቁጥር ላይ 1 ብር ያስያዘ ሰው ቁጥሩ ከወጣለት የራሱን 1 ብርና በተጨማሪ 35 ብር ይቀበላል። አሁን አንድ ሰው በ38ቱም ክፍሎች ላይ አንዳንድ ብር አስያዘ እንበል። በእርግጥ ያሸንፋል፤ ከሠላሳ ስምንቱ አንዱ የግድ ይወጣልና። ነገር ግን 38 ብር ከፍሎ 36 ብር ይመለስለታል። ሁለቱ ብር ለቤቱ ቀሩ። ከመቶ ብር ሲሰላ 5 ብር ከ26 ሳንቲም መሆኑ ነው።

ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ተጫዋቹ የተመለሰለትን ገንዘብ ደግሞ ያስይዛል፤ ከዚያም የተረፈውን እንደገና ያስይዛል። በአማካይ ሲሰላ፣ ገንዘቡን ሁሉ አሥራ ሦስት ጊዜ መልሶ ያስያዘ ሰው በእጁ የሚቀረው ካመጣው ከግማሽ በታች ነው። ማታለል የለበትም፤ ጎማው አልተጣመመም፤ ተቆጣጣሪው መርምሮታል። የሚያሸንፍ ሰውም በየሌሊቱ ይኖራል፤ ባይኖርማ ኖሮ ማንም ባልመጣ ነበር። ቤቱ ግን ማን እንደሚያሸንፍ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ብዙ ሰው ረዥም ጊዜ መቀመጡ ይበቃዋል። በእግር ኳስ ውርርድም አሠራሩ ይህንኑ ይመስላል፤ አወራራጁ ድርጅት የሚከፍለውን መጠን ሲያወጣ የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ቀንሶ ነው። ወጣቱ ቡድኖቹን ጠንቅቆ ማወቁ ይህን ቅናሽ አያስቀርለትም።

«ፈቅዶ ነው» የሚለው መልስ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የካዚኖው ባለቤት እንዲህ ብሎ ሊሟገት ይችላል፦ «ሕጉን በግልጽ ለጥፌአለሁ። በሬ ለመግባትም ለመውጣትም ክፍት ነው። ሰውየው አዋቂ ነው፤ ገንዘቡም የራሱ ነው። ፈቅዶ ያጣውን እንዴት በደል ትሉታላችሁ?»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ የአርስጣጣሊስን ሐሳብ ተከትሎ ሰው በፈቃዱ ሊበደል ይችል እንደ ሆነ ሲመረምር፣ በትክክለኛው አነጋገር ማንም ወዶና ፈቅዶ በደል እንደማይቀበል ተናግሯል። ቤተ ክርስቲያንም ጨዋታንና ውርርድን ሁሉ በጅምላ አላወገዘችም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2413 እንደሚያስረዳው የዕድል ጨዋታና ውርርድ በራሳቸው ፍትሕን የሚፃረሩ አይደሉም፤ ነገር ግን ሰውን ለራሱና ለሌሎች ፍላጎት የሚያስፈልገውን ሲያሳጡ በግብረ ገብ ተቀባይነት የላቸውም፤ የቁማር ፍቅርም ወደ ባርነት ሊያደርስ ይችላል። ለዕረፍት የመጣና ለመዝናኛ የመደበውን ጥቂት ገንዘብ ጨርሶ እየሳቀ ወደ ቤቱ የሚመለስ ጎብኚ ተበደለ ማለት ያስቸግራል። በታላላቆቹ ሆቴሎች ዛሬ ከቁማር ይልቅ ከመኝታ፣ ከምግብና ከትርኢት የሚገኘው ገቢ እንደሚበልጥም በሐቅ መናገር ይገባል።

ይሁን እንጂ ያው ቅዱስ ቶማስ በሌላ ስፍራ፣ ስለ ምጽዋት በሚያስተምርበት ክፍል፣ በቁማር የተገኘ ገንዘብ መቼ መመለስ እንዳለበት ይጠይቃል። መልሱ ሦስት ነገሮችን ይዟል። አንደኛ፣ ገንዘባቸውን ለሌላ ለማስተላለፍ ሥልጣን ከሌላቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ ከሕፃናትና አእምሯቸው ከታወከ፣ የተገኘ እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፣ አንዱ ሌላውን ለማትረፍ በመስገብገብ ወደ ጨዋታው የሳበው እንደ ሆነ፤ ሦስተኛ፣ በማታለል የተገኘ እንደ ሆነ። «ፈቅዶ ነው» የሚለው መልስ የሚሰነጠቀው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

በመጀመሪያው እንጀምር። አባት ለቁማር የሚያስይዘው ገንዘብ የማን ነው? ስሙ በባንክ ደብተሩ ላይ የእርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቤት ኪራይ፣ የዘር መግዣ፣ የልጅ መድኃኒት የሆነው ክፍል በእውነት የእርሱ ብቻ አይደለም። በመስቀሉ ሥር የጌታን ልብስ በዕጣ የተከፋፈሉት ወታደሮች እርስ በርሳቸው በደንብ ተጫውተዋል፤ አንዱ ሌላውን አታለለ ተብሎ አልተጻፈም። ጨዋታቸውን አስከፊ ያደረገው ዕጣ የተጣጣሉበት ልብስ የእነርሱ አለመሆኑ ነው፤ ባለቤቱም በፊታቸው በሥቃይ ላይ ነበር። የልጆቹን ራት የሚያስይዝ አባትም ደንቡን አክብሮ ሊጫወት ይችላል። ልጆቹ ግን አልፈቀዱም።

ሁለተኛው ስለ መሳብ ነው። በካዚኖዎች ውስጥ ሰዓትና መስኮት እምብዛም አይታይም፤ ለሚጫወት ሰው መጠጥ በነጻ ይቀርባል፤ ማሽኖቹ ለጥቂት የሳቱ እንዲመስሉ ሆነው ይቆማሉ። ናታሻ ዳው ሹል የተባለች የአንትሮፖሎጂ ምሁር በላስ ቬጋስ ለዓመታት ጥናት አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ብዙ የማሽን ቁማርተኞች የሚጫወቱት ለማሸነፍ ሳይሆን መጫወታቸውን ለመቀጠልና ዓለምን ለመርሳት እንደ ሆነ ገልጻለች። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዘርዝር የቁማር ሱስን እንደ ሕመም ቆጥሮታል። እንግዲህ ፈቃድ የሚባለው ነገር ልክ አለው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ የነበረው ፈቃድ በመቶኛው ሌሊት ላይ ግማሽ እንኳ ላይሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅና በዚህ የሚያተርፍ ባለ ቤት «ፈቅዶ ነው» ሲል፣ ራሱ ያዳከመውን ፈቃድ ምስክር አድርጎ መጥራቱ ነው።

በሦስተኛው ላይ ግን አድልዎ ሳናደርግ እንፍረድ። ፈቃድ ያለውና በቁጥጥር ሥር ያለው ቤት ብዙውን ጊዜ ቁጥሩን አይደብቅም። የሚደበቀው ሌላ ነው፤ የአሸናፊው ፎቶግራፍ በአደባባይ ይሰቀላል፣ የተሸናፊዎቹ ግን አይሰቀልም። ሐሰት አልተነገረም፤ እውነቱ ግን በከፊል ብቻ ታየ።

ዕጣ ሁሉ ቁማር ነውን?

እዚህ ላይ አንዳንድ ምእመናን «እኛስ ዕጣ እንጥል የለምን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸውም መልካም ነው። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው። በገጠራችንም ለሙና ጭንጫው መሬት ለማን እንደሚደርስ አድልዎ እንዳይኖር በዕጣ ሲለይ ኖሯል። ከሁሉ ይልቅ ግን እቁባችንን እንመልከት።

ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ይጥላሉ እንበል። ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ይወስዳል። በላይ በላዩ ሲታይ ይህም የዕድል ጨዋታ ይመስላል፤ ከላስ ቬጋስ ጋር ሲነጻጸር ግን ተቃራኒው ነው። በእቁብ ውስጥ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው። መጨረሻ የደረሰው ሰው ከጊዜ በቀር የሚያጣው ነገር የለም፤ የጣለውን ሁሉ ያገኛል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ አለው፤ አንዱ አባል ከታመመ ወይም ከተቸገረ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ሊለቅለት ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይህ ነው። አነጋገሩም ይለያል። የእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው «ደረሰኝ» ይላል እንጂ «በላሁ» አይልም፤ ያልወጣለትም «ገና ነኝ» ይላል እንጂ «ተበላሁ» አይልም። ቋንቋችን የሚያካፍለውን ዕጣና የሚበላውን ዕጣ አስቀድሞ ለይቶ አስቀምጦልናል።

«ገበሬስ ቁማርተኛ አይደለምን?» የሚልም አለ። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከለላና በሳይንት ደጋዎች ላይ የሚያርሰው ገበሬ ዝናቡ በጊዜው ይምጣ አይምጣ፣ ውርጩ ገብሱን ይምታ አይምታ፣ በረዶው ባቄላውን ያርግፍ አያርግፍ ሳያውቅ ዘሩን ይበትናል። በእርግጥም በማያውቀው ነገር ላይ ጥሪቱን ያወጣል። ነገር ግን ቢሳካለት በዓለም ላይ ያልነበረ እህል ይገኛል፤ የእርሱ ማግኘት የጎረቤቱ ማጣት አይደለም። ቢከሽፍበትም ከእርሱ ማጣት የበላ ሰው የለም። ቁማር ግን አንዲት ቅንጣት እህል አይጨምርም፤ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ያዛውራል፣ በመካከሉም ቤቱ ይቀንሳል። ሰውን ቁማርተኛ የሚያሰኘው የነገን አለማወቁ አይደለም፤ የነገን የማያውቅማ ሰው ሁሉ ነው። ቁማርተኛ የሚያሰኘው ትርፉን ከወንድሙ ማጣት ብቻ መጠበቁ ነው።

ወገኖቻችን በዚያ ከተማ

እንግዲህ በላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዱ፣ መኝታ የሚያነጥፉ፣ ምግብ የሚያበስሉ፣ የካዚኖ ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የዚህ በደል ተካፋዮች ናቸውን? የግብረ ገብ መምህራን እዚህ ላይ ጠቃሚ መለያ ሰጥተዋል። የሌላውን ክፉ ሐሳብ የራስ አድርጎ መተባበር አንድ ነገር ነው፤ የራስን ሐቀኛ ሥራ እየሠሩ ሌላው በእርሱ እንደ ፈለገ መጠቀሙ ግን ሌላ ነው። ሹፌሩ የሚሸጠው መንገድ ነው፤ አልጋ አንጣፊዋም የምትሸጠው ንጹሕ ክፍል ነው። ላባቸው ላብ ነው። ካርታ የሚያድለው ሰው ወደ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባልና ኅሊናው በየጊዜው ሊጠይቀው ይችላል፤ እኛ ግን ከሩቅ ሆነን ልንፈርድበት አይገባንም። በከተማይቱ የምግብና የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር ወደ 60,000 የሚሆኑ አባላት ይዞ ስለ ደመወዝና ስለ ሕክምና የሚከራከረውም ላብ ዋጋ እንዳለው ስለሚያምን ነው።

በ2020 በመጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት ካዚኖዎቹ 78 ቀናት ያህል ተዘግተው ነበር። በሚያዝያ ወር በአካባቢው ሥራ አጥ የሆነው ሰው ከሠላሳ በመቶ በልጦ ነበር። ሰው ለመዝናናት በሚመጣበት ገንዘብ ብቻ የሚኖር ከተማ ሰው ባልመጣ ጊዜ የሚይዘው ነገር እንደማይኖረው ያን ጊዜ ታየ። ከሁሉ በፊት የተጎዱትም ባለ ሆቴሎቹ ሳይሆኑ ሠራተኞቹ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ከተማ ውስጥ ከጥያቄው አላመለጠችም። በካዚኖዎቹ ጎዳና አጠገብ ያለው የጠባቂ መልአክ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራው የካዚኖ ባለቤት የነበረው ሞ ዳሊትስ በለገሰው መሬት ላይ ነው፤ ንድፉን ያወጣው ፖል ዊልያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነበር። በምጽዋት መሰብሰቢያው ውስጥ በገንዘብ ፈንታ የካዚኖ ጠጠሮች የሚገኙበት ጊዜ አለ፤ እነርሱም ወደየካዚኖው ተወስደው ይመነዘራሉ። ይህን ሰምቶ መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ሰው በሌለበት ልትቆም አትችልም፤ ያ ጠጠር የተጣለው በአሸናፊ ደስታ ይሁን በተሸናፊ ስእለት እግዚአብሔር ያውቃል። ይልቁንስ ጥያቄው ለእኛም ይሁን፤ በእኛ ሙዳየ ምጽዋት የሚገባው ገንዘብ ሁሉ ከየት እንደ መጣ ጠይቀን እናውቃለን?

እኛስ ምን እናድርግ?

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች እንግዳን የሚስብ ጸጋ የላቸውም ማለት አይቻልም። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ በውስጡም ያሉት ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ፣ የአባይና የበሽሎ ሸለቆዎች ግርማ ለዚህ ምስክር ናቸው። ከእንግዳ ገንዘብ መቀበል ነውር አይደለም። ነገር ግን እንግዳን ያለንን አሳይቶ መክፈል ማስከፈልና የእንግዳን ድካም ፈልጎ በእርሱ ማትረፍ የተለያዩ ናቸው። መለኪያውም ቀላል ነው፦ እንግዳው አገሩ ከገባ በኋላ «አየሁ» ይላል ወይስ «ተበላሁ» ይላል?

በየቁምስናው ደግሞ ለሕንፃ ሥራ ወይም ለድሆች መርጃ የሎተሪ ትኬት መሸጥ የተለመደ ነው። በአገራችን መንግሥት ራሱ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሎተሪ ሲያጫውት ኖሯል። ይህን ሁሉ ከካዚኖ ጋር አንድ ማድረግ አይገባም። ሰው ትኬቱን ሲገዛ በልቡ የሰጠ ከሆነና ዕጣው እንደ ምርቃት ብቻ ከሆነ ነገሩ ምጽዋት ነው። ድሀው «ምናልባት ይወጣልኝ ይሆናል» ብሎ የጤፍ መግዣውን አውጥቶ አሥር ትኬት ከገዛ ግን የቁምስናችን ሕንፃ በእርሱ ራት ላይ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ትኬት የሚሸጡ ሁሉ ለማን እንደሚሸጡ ይመልከቱ፤ ለሕፃናትም አይሽጡ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ቁማር ስታስተምሩ ኃጢአት መሆኑን ብቻ ተናግራችሁ አትለፉ። የሠላሳ ስምንቱን ክፍሎች ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ሠርታችሁ አሳዩ፤ በስብከት የማይመለስ ወጣት በሒሳብ ሊመለስ ይችላልና። በውርርድ ዕዳ ውስጥ የገባ ወጣት ቢመጣላችሁ ከማሳፈር በፊት ዕዳው ስንት እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ሆነ ጠይቁት፤ ቤተሰቡ ሳይሰማ ብድር በብድር ላይ እንዳይጨምር አግዙት። መተው ካቃተው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ከምክራችሁና ከጸሎታችሁ ጋር ወደ ሐኪም ምሩት። ወጣቶች በጥቂት ብር የሚጀምሩት እቁብ ቢኖራቸው ደግሞ በየሳምንቱ ዕጣ የመጠበቅን ደስታ ያገኛሉ፤ የሚበላ ሰው ግን አይኖርም።

በፈቃዱ የተበላ ሰው ተበድሏልን? ለመዝናኛ የመደበውን ትርፍ ገንዘብ ያጣ ሰው አልተበደለም። የልጆቹን ድርሻ ያስያዘ ግን እርሱ ራሱ ልጆቹን በድሏል። እንደማያቆም እያወቀ ያስቀመጠውም ቤት እርሱን በድሎታል። ሲበላ እያየን ዝም ያልን ወይም ባሸነፈ ዕለት ያጨበጨብንለት እኛም ከነገሩ ነጻ አይደለንም። ፈቃድ ታላቅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ስለዚህም የወንድማችንን ፈቃድ ልንጠብቅለት እንጂ በእርሱ ልንነግድበት አይገባም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን «ደረሰኝ» የሚባልበት ዕጣና «በላሁ» የሚባልበት ዕጣ የትኞቹ ናቸው?

2. አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ቤተሰባቸውን ሳያማክሩ ሊያወጡት የሚችሉት ገንዘብ እስከ ምን ድረስ ነው?

3. ቁምስናችን ለሕንፃ ሥራ ሎተሪ ቢያዘጋጅ ድሀው እንዳይጎዳ ምን ዓይነት ደንብ ማውጣት ይኖርበታል?